የኤሌክትሪክ መኪና ሰርቪስ በባሕር ዳር፦ ለምኑ ይከፈላል? ለምኑስ አይከፈልም?

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ያለውን ሰው ስለ ሰርቪስ ቢጠይቁት ከሁለት አንዱን ነው የሚመልስልዎት። አንዱ «ሞተር የለው፣ ዘይት የለው፣ ምኑን ሰርቪስ አስደርገዋለሁ?» ይላል። ሌላው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ እንደ ድሮ ቪትዙ፣ ጋራዥ አስገብቶ «ሙሉ ሰርቪስ» ከፍሎ ይወጣል። ሁለቱም ገንዘባቸውን እየጣሉ ነው። ሁለተኛው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ፣ የመጀመሪያው ደግሞ አንድ ቀን ባንዴ።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የቻይና ገበያ ቢዋይዲዎች፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 በአገሪቱ መንገዶች ላይ በርክተዋል። መኪናው ተለወጠ እንጂ የሰርቪስ ልማዳችን ገና የቤንዚን ነው። የቤንዚን መኪና ሰርቪስ ዕቃ መቀየር ነው፤ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ። የኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው መለካት ነው። ስለዚህ ከጋራዥ ሲወጡ በእጅዎ ላይ የተጻፈ ቁጥር ከሌለ የከፈሉት ለታይታ ነው ማለት ነው።

የብር ዝርዝር እዚህ አልጽፍም። የዛሬ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያሳስታል። ከዚያ ይልቅ ዋጋ የሚጠየቅበትን፣ የሚነጻጸርበትንና የሚሰላበትን መንገድ በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

1. መጀመሪያ መኪናዎን ይወቁት

ከማንም ጋራዥ በፊት በስልክዎ ጥቂት ፎቶ ያንሱ፦ የሻንሲ ቁጥሩን፣ በሾፌር በር በኩል ያለውን የጎማ ንፋስ ተለጣፊ፣ በ12 ቮልቱ ባትሪ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የቻርጅ ሶኬቱን፣ የዳሽቦርዱን ኪሎ ሜትር። ዕቃ ሻጩ የሚጠይቅዎት እነዚህን ነው። አዲስ አበባ ስልክ ደውለው «የቢዋይዲ ፊልትሮ አለህ ወይ?» ማለት የትም አያደርስም።

ቀጥሎ የትልቁን ባትሪ ዓይነት ይለዩ። የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ከቻይና የመጡት አይዲ 4 እና አይዲ 6 ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሌላ ዓይነት ናቸው። አያያዛቸው ይለያያል። የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ እስከ 100 ከመቶ መሙላት ይመከራል፤ ኮምፒውተሩ የቀረውን ቻርጅ በትክክል የሚያውቀው ያኔ ነው። ሁለተኛው ለዕለት ተዕለት 80 ከመቶ ይበቃዋል፤ 100 የሚሞላው ለረጅም መንገድ ነው።

መመሪያ መጽሐፉ በቻይንኛ ቢሆንም የሰርቪስ ሠንጠረዡን ገጽ በስልክ ካሜራ መተርጎም ይቻላል። ትርጉሙ ተሰባብሮም ቢሆን ይገባል፤ ዋናው ቁጥሩ ነው። ሠንጠረዡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ ማስታወሻዎ ላይ ሁለቱንም ቀን ይጻፉ። «ወይ ይህን ያህል ዓመት፣ ወይ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ከተባለ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚሠራው። ከቤት እስከ ቢሮ፣ ከሽምብጥ እስከ ቀበሌ 14 ብቻ የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርስበት ዓመቱ ነው።

2. ቤት ውስጥ በራስዎ የሚሠራው

ይህ ክፍል ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ የቅዳሜ ጠዋት ይበቃዋል።

ጎማ። ተለጣፊው ላይ 250 ኪሎፓስካል ተጽፎ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህ 2.5 ባር ወይም 36 ፒኤስአይ ማለት ነው። ብዙ ጎሚስታ ያለ ተለጣፊው በልምድ ስለሚሞላ ቁጥሩን እርስዎ ይንገሩት። ንፋሱ የሚለካው መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። የጎማውን ጥርስ ከውስጥም ከውጭም በኩል ይዩ። ውስጡ ብቻ ከተበላ አላይመንት ተዛብቷል።

የውስጥ አየር ፊልትሮ። በአብዛኞቹ መኪኖች ከጋቢና መሳቢያው ጀርባ ነው፤ ብሎን እንኳ ላይፈልግ ይችላል። በበጋው አቧራ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ የሚያመላልስዎ ሥራ ካለዎት መጽሐፉ ካለው ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል። ጋራዥ ውስጥ ለዚህ የእጅ ዋጋ የሚከፍል ሰው ሳይ ይገርመኛል።

የ12 ቮልት ባትሪ። የኤሌክትሪክ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ትልቁ ባትሪ አይደለም፣ ይህ ትንሹ ነው። እሱ ከሞተ በሩም ስክሪኑም አይነሣም፤ ትልቁ ባትሪ 90 ከመቶ ቢኖረውም ዋጋ የለውም። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ በመልቲሜትር ይለኩ። ተራው የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል። መኪናው ሲነሣ ደግሞ ከ13.5 በላይ መውጣት አለበት። አይ ካለ ከትልቁ ባትሪ ወደ ትንሹ የሚሞላው መሣሪያ ይታይ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አንዳንድ ቢዋይዲዎች ላይ ይህ ትንሽ ባትሪ ራሱ ሊቲየም ነው። መጠኑ ገጠመ ተብሎ ከገበያ ተራ የእርሳስ ባትሪ አይገባበትም። ፎቶ ያንሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

የቻርጅ ሶኬት። በተንቀሳቃሽ ቻርጀር ለአንድ ሰዓት ከሞሉ በኋላ የግድግዳውን ሶኬትና መሰኪያውን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ያቁሙና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መሰኪያውን ነቅለው፣ ከመጣ በኋላ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። የተመላሽ መብራት ዝላይ የመኪናውን የውስጥ ቻርጀር ሲያቃጥል፣ ያ ዕቃ የብዙ ዓመት ሰርቪስ ዋጋ ነው።

3. የባትሪውን አቅም በቆጣሪ መለካት

ይህን ከሰርቪስ በፊት ያድርጉት፤ ጋራዡ የሚነግርዎትን የሚያመሳክሩበት የራስዎ ቁጥር ይኖርዎታል።

ባትሪው 20 ከመቶ ሲደርስ ማታ ላይ የቤት ቆጣሪውን ያንብቡ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ የቀረውን ኪሎዋት ሰዓት ይጻፉ። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ፓምፕ ይጥፋ። እስከ 100 ሞልተው እንደገና ያንብቡ። መብራት መሀል ላይ ቢሄድም ግድ የለም፤ ቆጣሪው የተጠቀሙትን ብቻ ነው የሚይዘው። በ10 አምፔር ቻርጀር 2.2 ኪሎዋት ብቻ ስለሚገባ ሥራው ከአንድ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ መሀል ፍሪጅና አምፖል የበላው ትንሽ ስህተት ይጨምራል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ቆጣሪው 44 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ እንበል። ሲሞላ በሙቀት የሚባክነው 10 ከመቶ ቢሆን፣ ባትሪው ውስጥ የገባው 39.6 ነው። የሞሉት የባትሪውን 80 ከመቶ ስለሆነ 39.6ን ለ0.8 ሲያካፍሉ 49.5 ይመጣል። መኪናው ሲመረት 50 ተብሎ ከነበረ ደህና ነዎት። ብክነቱ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የአንድ ቀኑን ውጤት እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ጥቅሙ የሚታየው በየዓመቱ በዚያው ሶኬት፣ ከዚያው 20 እስከ 100 ሲደግሙት ነው።

4. ሥራውን ለየባለሙያው ይከፋፍሉ

አንድ ጋራዥ ሁሉንም ይሥራልኝ ማለት ባሕር ዳር ላይ ውድ ምርጫ ነው። ስለ ሻንሲ፣ አማርቲዛተር፣ ጎሚኒና ኩሽኔታ የከተማችን መካኒኮች ከማንም አያንሱም። ኮብልስቶኑና ብሬከሩ በደንብ አስተምሯቸዋል። ለዚህ ሥራ ብሎ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መንገዱን ወዶ መሆን አለበት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጎሚስታው ጋ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ሙሉ ባትሪ ነው። ጎሚስታው በልማዱ ክሪኩን መሀል ሆድ ላይ ካስገባ፣ የሚያነሣው በባትሪው ሳጥን ነው። የክሪክ ቦታው በጎን በኩል ከበሮቹ ሥር፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ አጠገብ ምልክት ተደርጎበታል። ከመኪናው ወርደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቦታውን በጣትዎ ያሳዩት። ያፍራል ብለው አይተዉት። በዚያው ጎማውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊት ወደ ኋላ ያዟዙር። አዲስ ጎማ ሲገዙም መጠኑን ብቻ ሳይሆን የክብደት መሸከሚያ ቁጥሩንም ከድሮው ጋር ያመሳክሩ። ከእነዚህ መኪኖች ትልልቆቹ 2 ቶን የሚጠጉ ወይም የሚያልፉ ስለሆኑ በቁጥሩ ዝቅ ያለ ርካሽ ጎማ አይችላቸውም።

ሁለተኛው የኤሲ ሠሪው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በባሕር ዳር ሙቀት የኤሲ ሠሪ ሥራ አይፈታም፣ ልምዱ ግን የቤንዚን መኪና ነው። የቤንዚኑ ኮምፕሬሰር በቺንጋ ይዞራል፤ ጋዝ ሲሞላለት በብዛት ፓግ የሚባለው ዘይት አብሮ ይገባል። የኤሌክትሪኩ ኮምፕሬሰር ግን ውስጡ የከፍተኛ ቮልት ሞተር አለ፤ ዘይቱም ያንኑ ሞተር ያጥባል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ በአብዛኛው ፒኦኢ የሚባል የተለየ ዘይት ይፈልጋል። ፓግ ከገባበት ኤሌክትሪክ ወደ መኪናው አካል መሾለክ ይጀምራል፣ መኪናው ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ አንዳንዴም አልነሣም ይላል። ሲስተሙን አጥቦ ማጽዳት ደግሞ አድካሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰር ያስቀይራል። የጋዝ መሙያው ማሽንና ቱቦ ራሱ የቀደመውን መኪና ፓግ ዘይት ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዎ «ጋዝ ትሞላለህ?» ሳይሆን «ለኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ፒኦኢ ዘይት አለህ? ቱቦህስ ለብቻው ነው?» ይሁን። ካመነታ አመስግነው ይሂዱ። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ኤሲው ሰውን ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ «ክረምት እስኪገባ መስኮት ከፍቼ እነዳለሁ» ማለትም አያዋጣም።

ፍሬን ሦስተኛው ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዘው ሸራው ብዙ ዓመት ይቆያል። ችግሩ ከመበላት ይልቅ ባለመሥራት ይመጣል፤ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ደርቆ ይጣበቃል። ስለዚህ «ሸራ ቀይርልኝ» ከማለት «ፍታው፣ ፒኑን አጽዳ፣ ግሪስ ቀባ» ይበሉ። አይዲ 4 ከኋላ ዲስክ የለውም፣ ታምቡር ነው፤ ዲስክ ካልሸጥኩ የሚል ካለ ይወቁበት። የፍሬን ዘይት ደግሞ ባይነዳም ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ አብዛኞቹ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ገደማ ይቀየር ይላሉ። ዶት 4 የተባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባው ግን መለኪያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ልዩነት ከተማ ውስጥ ላይታወቅዎት ይችላል፤ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ግን ይታወቃል።

የባትሪና የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ላይ የቧንቧ ውኃ አይጨመር። ከጎደለ የት እንደሄደ ይታይ፤ ዝግ ሲስተም ዝም ብሎ አይጎድልም።

አጣቢዎችንም አልረሳኋቸውም። ከፎገራ በኩል በክረምት ሲመለሱ ጥቁሩ ጭቃ ከባትሪው ሥር ይጋገራል፤ መጽዳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ላቫጆው ላይ የከፍተኛ ግፊት ውኃውን ወደ ብርቱካናማዎቹ የከፍተኛ ቮልት ሽቦዎችና ማያያዣዎች አጠገብ አያስጠጉ። መኪናውን ሐይቁ ዳር አስገብቶ ማጠብ ደግሞ ለመኪናውም ለጣናም ጥሩ አይደለም።

5. ዋጋ ሲጠይቁ

«ሰርቪስ ስንት ነው?» ብለው አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ የቤንዚን ጥቅል ዋጋ ያመጣብዎታል። በወረቀት ላይ እያንዳንዱን ለየብቻ ያስጽፉ፦ የኮምፒውተር ምርመራ ከነሪፖርቱ፣ የፍሬን ዘይት ቅያሪ፣ የካሊፐር ጽዳት፣ የሆድ ዕቃ ፍተሻ በሊፍት፣ የጎማ ማዟዟርና አላይመንት። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ይለያዩ። 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበትና የሌለበት ዋጋ ሲነጻጸር አንዱ በሐሰት ርካሽ ይመስላል፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

ከዝርዝሩ ላይ «ቱን አፕ»፣ «የሞተር ዘይት» ወይም «የሞተር እጥበት» ካዩ በአክብሮት ያሰርዙ። የማርሽ ሳጥን ዘይት ግን እውነተኛ ነገር ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ዓይነቱና ጊዜው ከመጽሐፉ ይወሰዳል።

6. በምርመራው ቀን አጠገቡ ይሁኑ

ብርቱካናማ ሽቦ የሚነካ ሥራ ከሆነ የባለሙያውን አጀማመር ይመልከቱ። ሺህ ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት አለው? ከማጥለቁ በፊት አየር ነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ያያል? የከፍተኛ ቮልቱን መቁረጫ ነቅሎ መጽሐፉ የሚለውን ደቂቃ ይጠብቃል? ከዚያ በኋላ ዜሮ ቮልት መሆኑን በመለኪያ ያረጋግጣል? እነዚህ መኪኖች በብዛት 400 ቮልት አካባቢ ናቸው። አንዱን እንኳ የዘለለ ሰው «ለምጄዋለሁ ጋሼ» ቢልዎትም ሥራውን ያስቁሙት፤ ለእሱም ሲሉ።

ለኮምፒውተር ምርመራው ከከፈሉ «ሰላም ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ። የሚጻፍልዎት ይህ ነው፦ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው የሴል ቮልት (ሴል ማለት ትልቁ ባትሪ የተገጣጠመበት እያንዳንዱ ትንሽ ባትሪ ነው)፣ የሴሎቹ ሙቀት፣ የኢንሱሌሽን ልክ፣ የተገኙ የስህተት ኮዶች ከመሰረዛቸው በፊት። የመጨረሻውን አጥብቀው ይያዙ፤ ኮዱን አጥፍቶ «አስተካከልኩት» ማለት ቀላል ነው።

የሴል ቮልት ልዩነት ሲነበብ ቻርጁ ስንት ላይ እንደነበረ አብሮ ይጻፍ። የአይረን ፎስፌት ባትሪ ቮልቱ መሀል ላይ ስለማይንቀሳቀስ ደካማውን ሴል ይደብቃል፤ ወደ ሙሉ ወይም ወደ ባዶ ሲጠጋ ይጋለጣል። የኢንሱሌሽን ልክ ማለት ከከፍተኛ ቮልቱ ወደ መኪናው አካል የሚሾልክ ካለ የሚያሳየው ነው። ለባትሪው ዲሲ መስመር ዓለም አቀፉ ደንብ በቮልት ቢያንስ 100 ኦም ይጠይቃል፤ ለ400 ቮልት 40,000 ኦም መሆኑ ነው። ጤነኛ መኪና ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ከሆነ፣ እርጥበት የገባበት ማያያዣ አለ ማለት ነውና «ለቀቀኝ» ብለው አይተዉት።

7. ያወጡት ገንዘብ ምን እንደመለሰ ማስላት

ለስሌት ያህል ብቻ አራት ጎማ 80,000 ብር ነው እንበል፤ በዓመትም 12,000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ሳይዟዟርና አላይመንት ሳይታይ 30,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ፣ ጎማ ብቻ በኪሎ ሜትር 2.67 ብር ይበላል፤ በዓመት 32,000። ተይዞ 40,000 ቢሄድ በኪሎ ሜትር 2 ብር፣ በዓመት 24,000 ይሆናል። የ8,000 ብር ልዩነት አለ። ማዟዟሩና አላይመንቱ ከዚህ በታች ካስከፈለ አትርፈዋል። በዚያው መንገድ የፍሬን ዘይቱን ዋጋ ለ2 ዓመት፣ የ12 ቮልቱን ባትሪ በቆየበት ዓመት ያካፍሉና ይደምሩ። አብዛኛው ሰው ሲደምረው የሚያገኘው ትልቁ ወጪ ባትሪ ሳይሆን ጎማ ነው።

8. አዲስ አበባ መሄድ የሚያዋጣው መቼ ነው?

በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ወደ 94 ይጠጋል፤ ለአብዛኛው መኪና መሀል ላይ መሙላት ግድ ነው። አልጋ፣ ቀለብና ከሥራ የቀሩበትን ቀን ይጨምሩ። ለፍሬን ዘይትና ለፊልትሮ ይህን ማውጣት ከንቱ ነው። የባትሪ ሳጥን መከፈት ካለበት፣ የውስጥ ቻርጀር ከተበላሸ፣ ወይም በአምራቹ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር ካለ ግን ይሂዱ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በግል አስመጪ ከገባ፣ የአምራቹ የባትሪ ዋስትና አብሮት መጣ ብለው አይመኩ፤ አስመጪው በጽሑፍ የሰጠዎት ምንድን ነው የሚለው ነው የሚወስነው።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጠው ከሄዱ፣ ቁልቁለቱን ለነፃ ምርመራ ይጠቀሙበት። ደጀን ላይ 100 ከመቶ ሞልተው አይውረዱ፤ ሙሉ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል ስለማይቀበል መኪናው በሸራ ብቻ ይያዛል። ለ2 ቶን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁለት 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት አለው፤ በአንድ በኩል ብቻ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው የሚወርዱት። ድልድዩን አልፈው ደህና ቦታ ሲቆሙ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ አራቱም ቸርኬ ያስጠጉ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚያቃጥል ከሆነ የዚያ ጎማ ካሊፐር ተጣብቋል፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚያስፈቱት እሱን ነው።

9. ወረቀቱ ሲሸጡ

ሪፖርቶቹን፣ ደረሰኞቹንና የቆጣሪ ልኬትዎን በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ከመድረሱ በፊት ሰርቪሱን ካስጨረሱ ቀኑም አይረሳም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ የሚፈራው ባትሪውን ነው፤ ደላላው ዋጋ የሚሰብረውም በዚያው ፍርሃት ነው። የሦስት ዓመት ልኬት ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ ወደ ቀለምና ጎማ ይወርዳል። ገዢው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሊፍት አስነሥተው የባትሪውን ሳጥን ሆድ ለጭረትና ለመሰርጎድ ያዩታል፣ ኮምፒውተር ያስነብባሉ፣ ከ20 እስከ 100 ያስሞላሉ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ ያወራሉ። ሻጩ ማስሞላቱን እንቢ ካለ፣ ባትሪው ያልተለካ መኪና እየገዙ መሆኑን ቆጥረው ዋጋውን ከዚያ ይጀምሩ።